ዛቢያው አይወዛወዝም፦ ቀንና ሌሊትን፣ ወቅትንም በኳስና በአምፖል

ወቅት ለምን ይፈራረቃል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ሳያመነታ "መሬት ለፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይበርዳል" ይላል። እሳት ዳር ተቀምጦ ለሚያውቅ ሁሉ ለጆሮ የሚጥም መልስ ነው። ግን መሬት ለፀሐይ ከምንጊዜውም በላይ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጃንዋሪ 4 አካባቢ ነው። ርቀቱ ያኔ 147.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲሆን የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቅዝቃዜው ውስጥ ተዘፍቋል። ከምንጊዜውም በላይ የምትርቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ፣ ጁላይ 4 አካባቢ፣ 152.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ሰሜኑ ያኔ በሙቀት ላይ ነው። ይህም ይቅር እንበል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ርቀት ላይ ሰሜኑ ሲሞቅ ደቡቡ የሚበርደው ለምንድን ነው? ርቀት ለዚህ መልስ የለውም።

ሁለተኛው የተለመደ መልስ "መሬት ዘንበል ስለምትል ነው" የሚለው ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠለቅ ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙው ሰው በልቡ የሳለው ሥዕል መሬት እንደ ሚዛን አንዴ ወደ ፀሐይ፣ አንዴ ከፀሐይ ወዲያ ስትወዛወዝ ነው። እኔ ከርቀቱ ስህተት ይልቅ ይህን እፈራዋለሁ፤ ትክክለኛውን ቃል ይዞ ስለሚመጣ ማንም አያርመውም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው፦ ዛቢያው፣ ማለትም መሬት የምትሽከረከርበት ከዋልታ እስከ ዋልታ ያለው የሐሳብ መስመር፣ አይወዛወዝም። ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳዘነበለ ይዞራል፤ ወቅትን የሚፈጥረውም ይኸው አለመነቃነቁ ነው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ላስቀድም። "ክረምት" በቋንቋችን የዝናቡ ወራት ነው፤ ከውጭ ቋንቋ በተተረጎሙ መጻሕፍት ግን የብርዱና የበረዶው ወቅት ሆኖ ይገኛል። "በጋ"ም አንዴ ደረቁ ወቅት፣ አንዴ ሞቃቱ ወቅት ይሆናል። ሁለቱ አጠራሮች ሲደባለቁ ተማሪው ሰኔን በየትኛው ስም እንደሚጠራ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ እዚህ "ሞቃት ወቅት" እና "ቀዝቃዛ ወቅት" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዕቃው

በቃል ከሚነገር በእጅ የተያዘ ይሻላል። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፎም ኳስ፣ ኳሱን በመሃሉ የሚበሳ ረጅም የሹራብ መርፌ ወይም ቀጥ ያለ ሽቦ፣ መከለያ የሌለው አምፖል፣ ወፍራም ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ ክር፣ ማርከርና ጥቂት ስፒል ይበቃል። ክፍሉ መጨለም አለበት። ግድግዳው ነጭ ከሆነ ብርሃኑን መልሶ ስለሚረጭ የኳሱ "ሌሊት" ግራጫ ይሆናል፤ ሰፊ ክፍል ውስጥ መሥራት ወይም ጠቆር ያለ ጨርቅ መጋረድ ያስፈልጋል።

አምፖሉ ከኳሱ መሃል ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይቀመጥ። አምፖሉ ጠረጴዛ ላይ፣ ኳሱ ደግሞ በእጅ ከፍ ብሎ ከተያዘ ብርሃኑ ከሥር ይመጣና ሰሜኑ ዓመቱን ሙሉ ሲጨልም ይውላል። "አልሠራልኝም" ከሚሉት ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ርቀቱም ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ኳስ ልክ ቢሰላ እውነተኛዋ ፀሐይ 11 ሜትር ያህል ስፋት ኖሯት 1,170 ሜትር ርቃ መቀመጥ ነበረባት። ከዚያ ርቀት የሚመጣ ጨረር መሬት ላይ ሲደርስ ጎን ለጎን እኩል የተሰመረ ያህል ነው፤ ስለዚህ ምንጊዜም የመሬት ግማሽ ይበራል። አምፖል ቅርብ ሲሆን ግን ከግማሽ ያነሰ ነው የሚበራው። 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ብታስቀምጡት የብርሃንና የጨለማ ድንበር መሆን ከሚገባው 10 ዲግሪ ያህል ገባ ይላል። የምንለካው ማዘንበል 23.4 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ሳለ የ10 ዲግሪ ስህተት ሁሉንም ነገር ያበላሻል። 2 ሜትር ላይ ስህተቱ ወደ 1.4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ያ ይበቃል።

አሁን ማዘንበሉ። ማዕዘን መለኪያ ባይኖራችሁም ችግር የለም። ካርቶኑ ላይ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው ጎኑ 8.7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ሥላችሁ ቁረጡ፤ የረጅሙ ጎን ዝንባሌ ከቁም መስመር 23.5 ዲግሪ ነው። መርፌውን በዚያ ጎን ላይ በፕላስተር ለጥፉና ካርቶኑን መቀመጫ ላይ አቁሙት። ልብ በሉ፣ 23.4 ዲግሪው የሚለካው ከቁሙ እንጂ ከወለሉ አይደለም። ከወለሉ የለካ ሰው ዛቢያውን ሊያስተኛው ምንም አይቀረው።

ኳሱ ላይ የምድር ወገብን በማርከር አስምሩ። ከወገቡ በሰሜንም በደቡብም 2 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ አንድ አንድ ክብ፣ ከእያንዳንዱ ዋልታም 2 ሴንቲ ሜትር ወረድ ብላችሁ አንድ አንድ ክብ ጨምሩ። በ10 ሴንቲ ሜትር ኳስ ላይ 23.4 ዲግሪ 2.05 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን እነዚህ መስመሮች የካንሰር (የሰሜኑ) እና የካፕሪኮርን (የደቡቡ) መስመሮች፣ እንዲሁም የሰሜንና የደቡብ ዋልታ ክበቦች ናቸው።

ቀንና ሌሊት

ይህ ክፍል ቀላል ነው፤ አቅጣጫው ብቻ እንዳይሳሳት። መሬት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትሽከረከራለች፤ ከሰሜን ዋልታ በላይ ሆናችሁ ብታዩአት ከሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ነው። ኳሱ ላይ ስፒል ሰክታችሁ በዚህ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ስፒሉ ከጨለማው ወጥቶ ድንበሩን ሲሻገር ጎህ ነው፤ አምፖሉን ፊት ለፊት ሲያይ እኩለ ቀን፣ በሌላው ድንበር ሲገባ ምሽት። ከስፒሉ ምሥራቅ ሌላ ስፒል ብትሰኩ እሱ ቀድሞ ብርሃን ያያል። የምዕራቡ ስፒል ቀድሞ ካየ በተቃራኒ እያዞራችሁ ነው።

በምድር ወገብ ላይ የቆመ ሰው በዚህ ሽክርክሪት በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የማይሰማን ፍጥነቱ ስለማይለዋወጥና አየሩም አብሮን ስለሚሽከረከር ነው። ጨርሶ አሻራ የለውም ማለት ግን አይደለም። መሬት በወገቧ ስለምታብጥ የወገቧ ዲያሜትር ከዋልታ እስከ ዋልታ ካለው 43 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሽክርክሪቱን ቤት ውስጥ ለማሳየት ደግሞ ፈረንሳዊው ሌዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ ባለው ፓንቴዎን ከጣሪያው 67 ሜትር ሽቦ አውርዶ 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኳስ አንጠልጥሎ አወዛውዟል። የኳሱ የመወዛወዝ መስመር በሰዓት 11 ዲግሪ ያህል እየዞረ ሄደ። የሚዞረው ግን ኳሱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ወለል ነው። ዋልታ ላይ ቢሆን በሰዓት 15 ዲግሪ በዞረ ነበር፤ ወገብ ላይ ምንም አይዞርም። በመካከል ያለው በኬክሮሱ (ቦታው ከምድር ወገብ በዲግሪ በሚርቅበት ልክ) ሳይን መጠን ይቀንሳል።

መሬት አንድ ሙሉ ዙር ለመሽከርከር የሚፈጅባት 24 ሰዓት አይደለም፤ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። 24 ሰዓት የሚባለው ከአንዱ እኩለ ቀን እስከ ቀጣዩ እኩለ ቀን ያለው ጊዜ ነው። በኳሱ ይታያል፦ ስፒሉ አምፖሉን ፊት ለፊት እያየ ኳሱን ከአምፖሉ ዙሪያ ጥቂት አራምዱትና አንድ ሙሉ ዙር አሽከርክሩት። ስፒሉ ቀድሞ ያይ ወደነበረው ግድግዳ ይመለሳል፤ አምፖሉ ጋ ግን ገና አልደረሰም። መሬት በቀን 1 ዲግሪ ገደማ በምህዋሯ፣ ማለትም ፀሐይን በምትዞርበት መንገድ፣ ስለምትራመድ ያንን ለማካካስ 1 ዲግሪ ያህል ጨምራ መሽከርከር አለባት፤ ያ 4 ደቂቃ ይፈጃል። ዛሬ በአንድ ሰዓት ላይ የወጣ ኮከብ ነገ 4 ደቂቃ ቀድሞ የሚወጣው ለዚህ ነው። በዓመት ሲጠራቀም አንድ ሙሉ ዙር ይሆናል፤ በ365.24 ቀናት ውስጥ መሬት የምትሽከረከረው 366.24 ጊዜ ነው።

አራቱ ቦታዎች

አምፖሉን መሃል ላይ አድርጉ። የመርፌው መቀመጫ ላይ መርፌው ወዳዘነበለበት አቅጣጫ ቀስት ሣሉ። ከክፍሉ ግድግዳዎች አንዱን ምረጡ፤ ከዚህ በኋላ ቀስቱ ሁልጊዜ ወደዚያ ግድግዳ ይጠቁማል።

ኳሱን መጀመሪያ አምፖሉ በኳሱና በተመረጠው ግድግዳ መካከል እንዲሆን አስቀምጡት። ቀስቱ ወደ ግድግዳው ሲጠቁም ወደ አምፖሉም ጠቆመ ማለት ነው፤ የሰሜን ዋልታ ወደ ብርሃኑ አዘንብሏል። ይህ ሰኔ 14፣ ጁን 21 አካባቢ ነው። ኳሱን አሽከርክሩት፦ የሰሜን ዋልታ ክበብ ውስጥ ያለው ቦታ በሙሉ አንዴም አይጨልምም፤ የደቡቡ አንዴም አይበራም። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው የካንሰር መስመር ላይ ነው።

ቀጥሎ ከሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አንድ አራተኛ ዙር ሂዱ፤ ቀስቱን አታዙሩት። ማዘንበሉ እንዳለ ነው፤ ግን ወደ አምፖሉም ከአምፖሉ ወዲያም አይደለም፣ ወደ ጎን ነው። የብርሃንና የጨለማ ድንበር በሁለቱም ዋልታዎች በኩል ያልፋል። መስከረም 12 ወይም 13፣ ሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ነው። ሌላ አንድ አራተኛ ዙር ስትሄዱ ኳሱ በአምፖሉና በግድግዳው መካከል ይገባል። ቀስቱ አሁንም ወደ ግድግዳው ነው፤ አምፖሉ ግን በስተኋላው ቀርቷል። ታኅሣሥ 12፣ ዲሴምበር 21 አካባቢ፣ ሰሜኑ በቅዝቃዜ ላይ ነው። የመጨረሻው አራተኛ መጋቢት 11፣ ማርች 20 አካባቢ ሲሆን እንደ መስከረሙ ድንበሩ በዋልታዎቹ ያልፋል።

ዛቢያው አንዴም ሳይነቃነቅ ሰሜኑ ወደ ፀሐይ አዘንብሎም፣ ከፀሐይ ወዲያ አዘንብሎም ታየ። የተለወጠው የመሬት ቦታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በአምፖሉ ዙሪያ ሲሄዱ ሳይታወቅ ሰውነትን አብሮ ማዞር ነው። ፊት ወደ አምፖሉ ስለሚዞር እጅም ይዞራል፤ መርፌውም ሁልጊዜ ወደ አምፖሉ እንዳዘነበለ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ሰሜኑ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው፤ ወቅት የሚባል ነገር የለም። መቀመጫውን ወለል ላይ እየገፉ መውሰድ በእጅ ከመያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ስህተት ጠንቃቃ ሰዎች የሚሠሩት ነው፦ ግድግዳው ላይ "የሰሜን ኮከብ" ብለው ምልክት ይለጥፉና ከየቦታው መርፌውን ወደዚያች ነጥብ ያነጣጥራሉ። ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ ነጥቧ ከየቦታው በተለያየ አቅጣጫ ትገኛለች፤ መርፌው ይጣመማል። እውነተኛው የሰሜን ኮከብ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ስለሚርቅ የመሬት ምህዋር ስፋት ለሱ ከምንም አይቆጠርም። እናንተ ነጥቧን ትታችሁ መርፌው ከየቦታው ከቀድሞ አቋሙ ጋር ትይዩ መሆኑን ብቻ ጠብቁ።

ዛቢያው ለምን ጸንቶ ይቆያል? የሚሽከረከር ከባድ ነገር የሚጠመዝዘው ኃይል ካልመጣበት አቅጣጫውን አይለቅም። ፀሐይና ጨረቃ ያበጠውን ወገቧን እየሳቡ ቀስ ብለው ይጠመዝዟታል፤ ዛቢያው በዚህ ምክንያት እንደሚንገዳገድ እንዝርት ክብ ይሠራል። አንዱ ክብ ግን 26,000 ዓመት ያህል ይወስዳል፤ ለአንድ ዓመት ጉዳይ ከቁጥር አይገባም።

ማዘንበል ሙቀት የሚሆነው እንዴት ነው

በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የቀኑ ርዝመት። ኳሱን ሰኔ ላይ አቁሙትና በ45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ክር አዙሩበት። የክቡ ሙሉ ርዝመት 22.2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚህ የበራው 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የበራውን ለሙሉው አካፍላችሁ በ24 ስታባዙ 15 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ታገኛላችሁ። እውነተኛው ቀን እዚያ ኬክሮስ ላይ 15 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በታኅሣሡ ቦታ ስትለኩት ከ9 ሰዓት በታች ይወርዳል።

ሁለተኛው ጨረሩ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። የእጅ ባትሪ በወረቀት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አብሩና የብርሃኑን ክብ በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ ወረቀቱን ጨረሩ በ30 ዲግሪ እስኪያርፍበት አዘንብሉት፤ ያው ብርሃን እጥፍ ስፋት ላይ ተዘርግቷል፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ግማሽ ነው። በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ፀሐይ በሰኔ እኩለ ቀን 68.4 ዲግሪ ትወጣለች፤ በታኅሣሥ 21.6 ዲግሪ ብቻ። በማዕዘኑ ብቻ የእኩለ ቀኑ ልዩነት 2.5 እጥፍ ነው።

ረጅም ቀንና ቀጥ ያለ ጨረር አብረው ስለሚመጡ እርስ በርስ ይባዛሉ። በ45 ዲግሪ ሰሜን ከከባቢ አየር በላይ የሚደርሰው የአንድ ቀን የፀሐይ ኃይል በሰኔ ከታኅሣሡ 4 እጥፍ ያህል ነው፤ ይህም በሰኔ መሬት ከፀሐይ የራቀች መሆኗ ተቆጥሮ ነው። የርቀቱ ለውጥ ብቻውን የሚያመጣው ልዩነት 7 በመቶ ገደማ ነው። አራት እጥፍንና 7 በመቶን ማወዳደር የርቀቱን ክርክር ይዘጋዋል።

የሚያስገርመው የሰሜን ዋልታ ነው። በሰኔው ቀን ፀሐይ ስለማትጠልቅ ከአየር በላይ የሚደርሰው የቀን ድምር በወገቡ ላይ ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ይበልጣል! ያም ሆኖ አይሞቅም። በረዶው አብዛኛውን ብርሃን መልሶ ይረጨዋል፣ ጨረሩ በጎን ስለሚመጣ ረጅም የአየር መንገድ ያቋርጣል፣ ከቀረውም ብዙው በረዶ ለማቅለጥ ይውላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ብርሃኑ የሚበዛው ጁን 21 ከሆነ በሰሜኑ ሙቀቱ የሚበረታው ለምን በጁላይና በኦገስት ነው? ከቀኑም ውስጥ ለምን እኩለ ቀን ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ይግላል? የሚገባው ሙቀት ከሚወጣው እስከበለጠ ድረስ ሙቀቱ መጨመሩን አያቆምም። ጁን 21 ገቢው ከፍተኛ የሚሆንበት ቀን ነው፤ ወጪው የሚደርስበት ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ውኃ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ስለሚዘገይ ባሕር ዳር ያለ ቦታ ይበልጥ ይዘገያል።

በካንሰርና በካፕሪኮርን መስመሮች መካከል ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ታልፋለች፤ የቀኑ ርዝመትም ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ ወቅት የሚለየው በሙቀት ሳይሆን በዝናብ ነው። በብዛት የጋለው ቦታ አየሩን ወደ ላይ ያነሳል፣ እርጥብ ነፋስ ወደዚያ ይሰበሰባል፣ ይዘንባል። ይህ የዝናብ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ እሱም እንደ ሙቀቱ ጥቂት ይዘገያል። ሞተሩ አንድ ነው፣ ያው የዛቢያው ማዘንበል።

ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ የሚባሉትን ሁለት ቀኖችም ቃል በቃል አትውሰዷቸው። በማርች 20ም በሴፕቴምበር 22ም ቀኑ ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይበልጣል። ፀሐይ ወጣች የምንለው የላይኛው ጠርዟ ብቅ ሲል ስለሆነ የመሃሏ ነጥብ ገና በታች ነው። በዚያ ላይ ከባቢ አየሩ ብርሃኑን አጉብጦ ከአድማስ በታች ያለችውን ፀሐይ ያሳየናል። በወገቡ ላይ ሁለቱ ተደምረው ለቀኑ 7 ደቂቃ ያህል ይጨምሩለታል፤ ዓመቱን ሙሉ።

በትር ተክሎ መለካት

የማዘንበሉን ቁጥር ከሰው ከመቀበል ራስ መለካት ይቻላል። ጊዜው ግን ስድስት ወር ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ በትር ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ፤ ቀጥ ማለቱን ክብደት ባንጠለጠለ ክር ከሁለት ጎን አረጋግጡ። 1 ዲግሪ የተጣመመ በትር ልኬታችሁንም እስከ 1 ዲግሪ ያጣምመዋል።

የጥላው ጫፍ ብዥ ማለቱ ያበሳጫል። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ስለሆነች በ1 ሜትር ርቀት ላይ የጥላው ጠርዝ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይደበዝዛል። በበትሩ አናት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ለጥፉ፤ በጥላው ውስጥ የሚታየውን የብርሃን ክብ መሃል መለካት ጫፉን ከመገመት በብዙ ይሻላል። ያኔ ቁመቱ የሚለካው እስከ ቀዳዳው ነው።

የሚለካው የእኩለ ቀን ጥላ ነው፤ እኩለ ቀንን ግን ከሰዓት አትጠይቁ። ሰዓት የሚከተለው የሰዓት ክልሉን መካከለኛ መስመር ስለሆነ በእያንዳንዱ የኬንትሮስ (የምሥራቅና ምዕራብ) ዲግሪ ልዩነት 4 ደቂቃ ይዛነፋል። ዛቢያው ያዘነበለ፣ ምህዋሩም ፍጹም ክብ ያልሆነ በመሆኑ ደግሞ ፀሐይ በኖቬምበር መጀመሪያ 16 ደቂቃ ትቀድማለች፣ በፌብሩዋሪ አጋማሽ 14 ደቂቃ ትዘገያለች። ጥላው የሚያጥርበትን ቅጽበት በዓይን መያዝም ይከብዳል፤ እኩለ ቀን አካባቢ ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። ጥሩው መንገድ በትሩን መሃል አድርጎ መሬት ላይ ክብ መሥራት ነው። ጥላው ጠዋት ክቡን የነካበትንና ከሰዓት በኋላ መልሶ የነካበትን ምልክት አድርጉ፤ የሁለቱን መካከል ከበትሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር የሰሜንና ደቡብ መስመር ነው። በሌላ ቀን ጥላው በዚህ መስመር ላይ ሲያርፍ እኩለ ቀን ነው።

የበትሩን ርዝመት ለጥላው ርዝመት አካፍሉና የታንጀንቱን ማዕዘን (tan⁻¹) ከስልክ ካልኩሌተር አውጡ፤ የፀሐይ ከፍታ ነው። በጁን 21ና በዲሴምበር 21 ለኩ፣ ልዩነቱን ለሁለት አካፍሉ። በ45 ዲግሪ ሰሜን ላይ የ1 ሜትር በትር ጥላ በሰኔ 39.5 ሴንቲ ሜትር፣ በታኅሣሥ 2.53 ሜትር ይሆናል፤ ከፍታዎቹ 68.4 እና 21.6፣ የልዩነታቸው ግማሽ 23.4።

በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለ ሰው ግን በዚህ ስሌት ይታለላል። ለምሳሌ በ10 ዲግሪ ሰሜን ላይ የታኅሣሡ ጥላ 66 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ያርፋል፤ የሰኔው 23.9 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ግን ወደ ደቡብ። ፀሐይ አናትን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለችና። ከአናት ያላት ርቀት በታኅሣሥ 33.4 ዲግሪ፣ በሰኔ 13.4 ዲግሪ ነው። አንዱን ከሌላው ብትቀንሱ የምታገኙት ግማሽ 10 ነው፤ ያ ኬክሮሳችሁ እንጂ የመሬት ማዘንበል አይደለም። ጥላዎቹ በተቃራኒ ጎን ከወደቁ ከአናት ያሉት ርቀቶች ይደመራሉ፤ 46.8 ለሁለት፣ 23.4።

የርቀቱ ድርሻ

ርቀትን ሙሉ በሙሉ ከጨዋታ ማስወጣትም አይገባም። መሬት ለፀሐይ ስትቀርብ ትፈጥናለች፤ በጃንዋሪ በሰከንድ 30.3 ኪሎ ሜትር፣ በጁላይ 29.3 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ስለዚህ አራቱ ወቅቶች እኩል አይደሉም። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለው 93.6 ቀን ሲሆን ከዲሴምበር እስከ ማርች ያለው 89 ቀን ብቻ ነው። ደቡቡ በሞቃት ወቅቱ 7 በመቶ የሚበልጥ ብርሃን ቢያገኝም ከሰሜኑ የማይግለው አብዛኛው ባሕር ስለሆነና ባሕር ሙቀትን ስለሚያስታርቅ ነው።

ማርስ ላይ ግን ያ የመጀመሪያው መልስ ግማሽ እውነት ይሆን ነበር። የማርስ ዛቢያ 25.2 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ ከእኛ ብዙም አይለይም። ምህዋሯ ግን በጣም የተለጠጠ ነው፦ ከፀሐይ ያላት ርቀት ከ206.7 እስከ 249.2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይለዋወጣል። ቅርብ ስትሆን የምታገኘው ብርሃን ርቃ ከምታገኘው በ45 በመቶ ይበልጣል። የምትቀርበው የደቡብ ንፍቀ ክበቧ ሞቃት ወቅት ሊገባ ሲል ስለሆነ የደቡቡ ሙቀት አጭርና ኃይለኛ ነው፤ የሰሜኑ ረጅምና ለዘብ ያለ። በማርስ ቀን ሲቆጠር የሰሜኑ ሞቃት ወቅት 178 ቀን ይቆያል፣ የደቡቡ 154።